ጄኔሬተር ተብሎ ስለተሰረዘው የዋሊድ ዋዛ

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሶሳ

ለተከበሩ አቶ እዩኤል
የማኅበረሰብ ድምፅ ቅርስ ማዕከል የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽሁ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ እንደተመኘሁት፣ ቤተሰብዎ እንደሚወዱት፣ በቢሮዎ ያለው ማራገቢያም እኛ በኮሪደሩ ወበቅ ወረፋ ስንጠብቅ በተዘጋው በር ሥር ይሰማን እንደነበረው ሳይታክት እየዞረ እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በመንደራችን ደኅና ነን፤ ማሽላው አሽቷል፣ ዝናቡም በጊዜው ወጥቷል።

ከባለጉዳይ ብዛት የተነሳ ዘንግተውኝ ከሆነ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም አሥራ አንድ ጊዜ በርዎን ያንኳኳሁት ጡረተኛዋ መምህርት የወርቅውሃ ፈንታ ነኝ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ከወሎ በሰፈራ መጥቼ፣ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደራችን አድጌ፣ እዚያው ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች እርስዎ ዘንድ ሳይደርሱ መንገድ ጠፍቷቸው ከሆነ፣ አራተኛው ብዙ ሰው እያየው ቢሄድ አይጠፋም ብዬ ነው።

ጉዳዩ የጎረቤቴ የዋሊድ ጉዳይ ነው። ዋሊድና ሚስቱ ነዕማ የበርታ ገበሬዎች ሲሆኑ ግቢያቸውን ከግቢዬ የሚለየው አንድ የማንጎ ዛፍ ነው። ዋሊድ በአዝመራ በዓል ዋዛ ከሚነፉት አሥር ሰዎች አንዱ ነበር። እርስዎ ከሩቅ ስለመጡ ባያውቁት አልፈርድም፤ ዋዛ ቅል በቅል ላይ እየተሰካ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። እያንዳንዱ ነፊ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አንዱ ነፍቶ ዝም ሲል ሌላው ይቀበለዋል፣ ከእሱም ሌላው፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ዜማውን አሥር ሆነው ያወጡታል። አንድ ሰው ከቀረ ዜማው መሐሉ ይጎድላል። ዋሊድ የሚነፋው ከሁሉ ረጅሙን፣ ድምፁም ከሁሉ የወፈረውን ነበር፤ እሱ ሲነፋ ጆሮ ከመስማቱ በፊት እግር ከመሬቱ ይሰማዋል።

በታኅሣሥ 2016 በበዓሉ ዕለት፣ ባልደረቦቼ በጡረታዬ በሸለሙኝ ትንሽ መቅረጫ አርባ ደቂቃ ያለማቋረጥ የተነፋውን ዋዛ ቀዳሁ። ለምን እንደቀዳሁት ብጠየቅ፣ አዲስ ዕቃ ያገኘ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረግሁት። በመጋቢት ዋሊድ ሞተ። ልቡ ነው አሉ።

ሐዘኑ በረድ ሲል ነዕማ በማንጎው በኩል መጣችና፣ «መምህር፣ ያ የቀዳኸው ዋዛ አለህ? ዋሊድ የነፋው?» አለችኝ። ነዕማ አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ እኔን ሁልጊዜ እንደ ወንድ ታናግረኛለች። ድሮ ላርማት ሞክሬ፣ «ሰው ሰው ነው፣ መምህር፤ ምን ይለያል?» ስትለኝ ተውሁት። መቅረጫው ላይ ላሰማት ብል አልፈለገችም። በዚያች ትንሽ ዕቃ የዋሊድ ድምፅ ትንኝ ይመስላል። እሷ ቤት ግን በሶላር የሚሠራ ዴክና ዋሊድ ራሱ የገዛው ትልቅ ድምፅ ማጉያ አለ፤ ስለዚህ የሚያስፈልጋት ዲስክ ነበር።

ዲስኩን የሚጠብቅ ሌላ ሰውም ነበር። የዋሊድ ወንድም አብዱልረሂም መለከቱን ወርሷል፤ ነገር ግን ብዙ ዓመት ወርቅ ቁፋሮ ላይ ስለቆየ ነፍቶበት አያውቅም። የነፊዎቹ መሪ ጋሽ ሐመድ፣ «የት ላይ እንደሚገባ እኔ በአፌ እነግረዋለሁ፤ ትንፋሹን ግን ከራሱ ከዋሊድ ይስማ» ብለው ነበር። እሱ ካልተማረ ደግሞ በመጪው አዝመራ በዘጠኝ መለከት ብቻ ሊጫወት የሚወጣ ማንም የለም። እንግዲህ በእኔ እጅ ያለው ቅጂ አንዲት ሚስት የምትጽናናበት፣ አንድ ወንድም የሚማርበት ነበር ማለት ነው። እርስዎ ይህን አያውቁም ነበር አልልም፤ በመጀመሪያው ቀን ቆሜ ነግሬዎታለሁ።

ማዕከልዎ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተዘጋጀ መሆኑን አልክድም። ባለፈው ዓመት የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጥታችሁን ነበር፤ እስከ ምሳ ንግግር አዳመጥን፣ ከምሳ በኋላ የምስክር ወረቀት እየተቀበልን ፎቶግራፍ ተነሳን፣ ስንወጣም የሙዚቃ ሶፍትዌሩን በፍላሽ አስጨብጣችሁ ሸኛችሁን። ስለ ሶፍትዌሩ ብቻ ሳይነገረን መሸ። ይህን ያህል ከገለጽሁ፣ ወደ ምስጋናዎቼ በቅደም ተከተል ልግባ።

አንደኛ። ቅጂውን በላፕቶፔ ወደ መጀመሪያው ዲስክ ገልብጬ፣ እናንተ «በርን ማድረግ» እንደምትሉት፣ ነዕማ ዴክ ውስጥ ብናስገባው፣ ዴኩ ጥቂት ካጉረመረመ በኋላ «ዲስክ የለም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። አውጥተን ጠረግነው፤ ነዕማ ቢስሚላህ ብላ መልሳ አስገባችው፤ አሁንም ዲስክ የለም። ወደ እርስዎ መጣሁ። ላፕቶፑን ሳይከፍቱ፣ ዲስኩን ሳይነኩ፣ ከስልክዎም ቀና ሳይሉ፣ «እናቴ፣ አጥፍተው ያብሩት» የሚል ሙያዊ ምክር ለገሱኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። በሁለተኛው ምልልሴ «ዴኩ አርጅቷል» አሉኝ፤ ዴኩን ሳያዩት ዕድሜውን ማወቅዎ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ቤቴ ገብቼ ሶፍትዌሩን መስመር በመስመር ሳገላብጥ ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ለካስ ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ ፋይሉን እንዳለ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፣ ሁለተኛው ዴክ የሚያነበውን የሙዚቃ ዲስክ ይሠራል። እኔ የመጀመሪያውን ነበር የነካሁት። ክቡርነትዎ በዚያ ቀን ቢረዱኝ ኖሮ ይህን ሳላውቅ እኖር ስለነበር፣ ስላልረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። ቀጣዩ ዲስክ ተጫወተ። ነዕማ ማጉያውን ከፍ አድርጋ ተቀመጠች፤ ዋዛው ተጀመረ፣ የዋሊድም ድምፅ መጣ። አንድ ደቂቃ ያህል እንደሄደ ዴኩ ይንተባተብ ጀመር። አንዱን ድምፅ አሥር ጊዜ ይደጋግማል፣ ይዘላል፣ ቆም ብሎ እንደገና ይንተባተባል። ነዕማ ተነስታ አጠፋችው። ሁለት ሌላ ዲስክ ብሠራም ያው ሆነ። እንደገና ወደ እርስዎ መጣሁ፤ በዚህ ጊዜ አገልግሎትዎ ዘምኖ ስለነበር ቅጽ ተሰጠኝ። ቅጹ ላይ «የሙዚቃው ዓይነት» ይላል። ዋዛ ብዬ ጻፍሁ። ቅጹ በሳምንቱ ሲመለስልኝ ቃሉ በቀይ እስክሪብቶ ተከብቦ፣ ከጎኑ «እባክዎ በቁም ነገር ይሙሉ» ተብሎበታል።

ክቡር ሆይ፣ በአማርኛ ዋዛ ማለት ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ፤ የእንጀራዬ ጉዳይ ነበር። ነገር ግን አሶሳ ከተማ ላይ የድምፅ ቅርስ ጠባቂ ተብሎ የተሾመ ሰው፣ ከቢሮው በእግር ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ላይ ሰዎች ዋዛ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቆ ያውቃል ብዬ ገምቼ ነበር። ጥፋቱ የግምቴ ነው። ማብራሪያ አንድ ገጽ ጽፌ አያይዤ ብመለስ፣ «ሌሎች» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርገው ተቀበሉኝ። ዋሊድን ከሌሎች መካከል ስለመደቡልኝ ባለውለታዎ ነኝ።

ሦስተኛ። ቅጹ እንደተሟላ፣ መመሪያው ስለሚያዝዝ፣ ላፕቶፑን፣ ቅጂው ያለበትን የመቅረጫውን ሚሞሪ ካርድና ችግር ያለባቸውን ዲስኮች ሁሉ በአባሪነት እንዳስረክብ ተነገረኝ። ዕድሜ ልኬን ተማሪ የቤት ሥራውን ሳይቆነጻጽል እንዲያስረክብ ስገሥጽ ስለኖርሁ፣ እኔም አንድ ሳላስቀር አስረከብሁ። «ቅጂው ቆሻሻ ስላለበት ነው የሚንተባተበው፤ አጽድተን እንሰጥዎታለን» አሉኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በጥሩ ፖስታ የታሸገ አንድ ዲስክ ሰጡኝ። ያን ቀን እጅዎን በሁለት እጄ ጨብጬ እንደመረቅሁዎት ያስታውሳሉ። ምርቃቴን ለመመለስ ጊዜው አልፏል፤ ስለዚህ ይያዙት።

እስከዚህ በቁጥር የጻፍሁት የሚቆጠር ስለነበር ነው። ቀጥሎ ያለውን ስንተኛ እንደምለው አላውቅም።

ዲስኩን ይዤ በቀጥታ ነዕማ ቤት ሄድሁ። ጋሽ ሐመድም ተጠርተው መጡ፤ አብዱልረሂም የወንድሙን መለከት ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ዴኩ ፊት ተቀመጠ። ዲስኩ ሳይንተባተብ ተጫወተ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ ውሸት አልናገርም፤ አጫጭሮቹ መለከቶች ከበፊቱ ይልቅ ያበራሉ። አምስት ደቂቃ ሲሆን ግን ድንገት ጸጥ አለ። ጋሽ ሐመድ ቀና ብለው «ማነው ያቆመው?» አሉ። ከሁለት ሰከንድ በኋላ ዜማው ከተቆረጠበት ቀጠለ። በአሥር ደቂቃ እንደገና ጸጥ፣ እንደገና ቀጠለ። ያልተቋረጠውን የአርባ ደቂቃ ጨዋታ ስምንት ዘፈን አድርገውት ኖሯል።

ጋሽ ሐመድ በዚህ ሲገረሙ እኔ ነዕማን አየሁ። ጆሮዋን ወደ ማጉያው አስጠግታ፣ መዳፏን መሬቱ ላይ ዘርግታ ነበር። ቆየችና ቀና አለች።

«ሰው ሁሉ አለ» አለች። «ዋሊድ የለም።»

እኔ አላመንኋትም። እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመርነው። ዘጠኙ ሰዎች ይቀባበላሉ፤ ዋሊድ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ባዶ ነው፤ እንደገና ይቀባበላሉ፤ እንደገና ባዶ። አብዱልረሂም ከንፈሩን ወደ መለከቱ እያስጠጋ የሚከተለው ድምፅ እየጠበቀ፣ እያጣው፣ በመጨረሻ መለከቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ።

በማግስቱ ቢሮዎ ስደርስ፣ የተሠራልኝን ሥራ የሚዘረዝር ማኅተም ያለበት ወረቀት እንዲሰጠኝ በትዕግሥትዎ ተባበሩኝ። ወረቀቱ ፊቴ ነው ያለው። ሁለተኛው መስመር፣ «ከቅጂው ውስጥ የጄኔሬተር ጉርምርምታ ሙሉ በሙሉ ተወግዷል» ይላል።

ክቡር ሆይ፣ በዚያ ዕለት በመንደሩ ጄኔሬተር አልነበረም። የነበረው ዋሊድ ነው።

ይህንኑ በትሕትና ነገርሁዎትና የመጀመሪያው ቅጂዬ ይመለስልኝ አልሁ። ላፕቶፑ ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ሲጫን ተጠርጓል አሉኝ። ዲስኮቹ ብልሹ ስለሆኑ ተወግደዋል አሉኝ። ሚሞሪውስ ስል ከመሳቢያዎ አውጥተው ሰጡኝ፤ ባዶ ነው። ከዚያ በእውነት ግራ የገባው ሰው በሚጠይቅበት ለስላሳ ድምፅ፣ «እናቴ፣ ንጹሑ እያለ ቆሻሻውን ምን ያደርጉታል?» አሉኝ። ሳልሰናበት በመውጣቴ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ጥበቃው ውሃ አምጥቶልኝ ጠጥቼ ሄድሁ። ለሁለት ቀን በማንጎው በኩል ወደ ነዕማ አላለፍሁም። በሦስተኛው ቀን ራሷ መጥታ፣ «መምህር፣ አንተ አላጠፋህም፤ ና ቤት» አለችኝ።

በመስከረም ደግሞ ማዕከልዎ በባዛሩ ላይ «የጠራ ቅርስ» የተሰኘ ዲስክ ማስመረቁን ሰማን፤ ሄጄ አንዱን አገኘሁ። የኛው ስምንት ዘፈን ነው። ሽፋኑ እጅግ ያምራል። የአስተባባሪው፣ የአማካሪው፣ የድምፅ ማጽዳቱን ሥራ የመሩት የእርስዎ፣ ሽፋኑን ያዘጋጀው ሰውና የንግግር አርቃቂው ስም በትልቁ ተጽፏል። የነፊዎቹ ቦታ ላይ «የአካባቢው ማኅበረሰብ» ይላል። ጋሽ ሐመድ ማንበብ ስለማይችሉ ስማቸው የት ጋ እንዳለ በጣቴ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ሽፋኑን አገላበጥሁት፣ መልሼም አገላበጥሁት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበብ የማልችል ብሆን በወደድሁ።

አሁን ያለ እርስዎ ድጋፍ የሆነውን በአጭሩ ልንገርዎት፤ ለሪፖርትዎ ቢጠቅም በደስታ ይውሰዱት።

የነዕማ ዘመድ ሆሞሻ ገበያ ላይ ትነግዳለች። ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ የምትኖር፣ ሱዳን ሳለች ደማዚን ከተማ ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ስታቀናብር የኖረች አማል የምትባል ሴት እንዳለች ነገረችን። በገበያ ቀን ፈቃድ ይዛ ሆሞሻ ስለምትመጣ፣ ነዕማና እኔ ላፕቶፑንና ባዶውን ሚሞሪ ይዘን ሄድን። አማል ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋት፣ ፊቷ የማይፈታ፣ ንግግሯ የተቆጠበ ሴት ናት። በሻይ ቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጣ የማዕከልዎን ንጹሕ ዲስክ በጆሮ ማዳመጫ ሰማች። ሦስት ደቂቃ አልሞላትም፤ ማዳመጫውን አወለቀችና በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር አለች። ነዕማ ዞራ ተረጎመችልኝ።

«አንድ ሰው ወጥቷል ትላለች። ትልቁ። ለምን አወጣችሁት ትላለች።»

ማዕከልዎ በሦስት ሳምንት ያልሰማውን እሷ በሦስት ደቂቃ ሰማች። ምንም ዓይነት ቅጽ አላስሞላችኝም።

ቀጥላ ሚሞሪውን አንስታ፣ ከእርስዎ እጅ ከወጣ ወዲህ ምን እንደቀዳሁበት ጠየቀችኝ። ምንም አልሁ፤ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ማየቱም ያመኝ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። የተሰረዘ ነገር ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ወዲያው እንደማይጠፋ፣ ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም እንዳለ አስረዳችን። በዚያ ገበያና በቀጣዩ ገበያ ሠርታ፣ ከአርባ ደቂቃው ሃያ ስድስቱን መለሰችልን። የቀሩት አሥራ አራት ደቂቃዎች የማይመለሱት ሌላ ነገር ስለተጻፈባቸው ነው፤ ምን እንደተጻፈባቸውም አሳየችን። መቶ አሥራ ሁለት ፎቶግራፍ ነው። ሚሞሪዬ እርስዎ ዘንድ በነበረበት ሳምንት አዳራሽ ውስጥ የምስክር ወረቀት ሲሰጡ፣ ሲቀበሉና ሪባን ሲይዙ የተነሱት ነው። በአብዛኛው ጥሩ ወጥተዋል። ነዕማ አንዱን ትኩር ብላ አይታ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ስትል፣ ቅርሳችንን የሚጠብቅልን ነው አልኋት።

ሶፍትዌሩንም አማል ከፍታ አሳየችኝ። ሲጫን ጀምሮ ምልክት ተደርጎባቸው የሚመጡ ትናንሽ ሳጥኖች አሉት፤ አንዱ የወፈረ ጉርምርምታን ያጠፋል፣ አንዱ ምቱን ያስተካክላል፣ አንዱ በየመሐሉ ሁለት ሰከንድ ዝምታ ይጨምራል። የሦስቱንም ምልክት አነሳች። ዲስኮቼ የተንተባተቡት ደግሞ ቅጂው ቆሻሻ ሆኖ ሳይሆን በርን የማድረጊያውን ፍጥነት ከፍተኛው ላይ ስለተውሁት ነው፤ ወደ ዝቅተኛው አወረደችው። ሥራው ይኸው ነው። ምን እናድርግልሽ ስንላት አንድ ዲስክ ለራሷ ጠየቀች፤ ካገሯ ከወጣች ወዲህ ዋዛ ሰምታ አታውቅም።

በጥቅምት ማለቂያ ነዕማ ቤት እንደገና ተሰበሰብን። ዴኩ ዲስኩን ተቀበለው። ዋዛው ተጀመረ፣ ዘጠኙ ተቀባበሉ፣ አሥረኛው ገባ፤ ወለሉ በእግራችን ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማን። ጋሽ ሐመድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ነዕማ አላለቀሰችም፤ አንድ ሰው በሌላ ክፍል ሆኖ ሲናገር እንደሚያዳምጥ ሰው ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ተቀመጠች። ሃያኛው ደቂቃ አካባቢ እጇን አነሳች።

«እዚህ ዘገየ» አለች።

ወደኋላ መለስነው። እውነት ነው፤ የዋሊድ ድምፅ ከቦታው ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚገባው። ከዚያም እንደገና። ከዚያም ወፍራሙ ድምፅ መሐሉ ላይ ሳስቶ ይቆረጣል። እኔ በበዓሉ ቀን አጠገባቸው ቆሜ ይህን አልሰማሁም፤ ጋሽ ሐመድም አልሰሙም።

«ያን ቀን አሞት ነበር» አለች ነዕማ። «ሦስት ወር ሙሉ አሞት ነበር። ለኔ አልነገረም።» «ማሽላውን ብቻውን አጨደ» ብላ ጨመረች። ያ ቦታ ሦስት ጊዜ እንዲደገምላት ጠየቀች፤ ደገምንላት።

ማዕከልዎ ይህንንም አስተካክሎት ነበር። በማኅተም የተሰጠኝ ወረቀት ሦስተኛው መስመር፣ «የምት መዛነፍ ታርሟል» ይላል። አንድ ሰው የደበቀውን ሕመም ሚስቱ የምታውቅበት የቀረ መንገድ ያ መዛነፍ ብቻ ነበር።

ሁሉም ካዳመጠ በኋላ አብዱልረሂም መለከቱን አነሳና ጋሽ ሐመድን አንድ ነገር ጠየቃቸው። ዋሊድ ሊገባበት በሚገባው ቦታ ልግባ ወይስ ዋሊድ በገባበት? አዛውንቱ ነዕማን አዩ፤ ከዚያ፣ «አንተ ደኅና ነህ፤ በሰዓቱ ግባ» አሉት። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ከማንጎው ማዶ ሲለማመድ እሰማዋለሁ። ትናንት ከዲስኩ ጋር እስከ መጨረሻው ሄደ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎት ጥቂት ነው። «የጠራ ቅርስ» የተባለውን ዲስክ እንዲሰበስቡ፣ እንዲህ ማድረግ ከክብርዎ ጋር የማይሄድ ከሆነም ቢያንስ ሽፋኑ ላይ አሥሩን ስም እንዲያስጽፉ ነው። ስሞቹን በሁለት ገጽ፣ በትልልቅ ፊደል፣ በሦስት ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የዋሊድን የጻፍሁት በመጀመሪያው መስመር ነው፤ እንዳይዘለል ሳይሆን ሲዘለል እንዲታወቅ ነው። ይቅርታ የሚባለውን ነገር በተመለከተ፣ ለእኔ አያስፈልገኝም። ነዕማ ቤት የሚወስደው መንገድ አሁን ደርቋል፤ መኪናዎን ያለ ችግር ያስገባል።

በቀረው፣ ዕድሜዎ ይርዘም፣ ማዕረግዎ ይጨመር፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፤ ወደፊት የሚዳኙት ድምፅ ሁሉ አስቀድሞ የተሰማ ይሁን እያልሁ፣ አሥራ አንድ ጊዜ በበርዎ ቆሜ ያልተቀመጥሁት፣ ይሁንና አሁንም በታላቅ አክብሮት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎት፣

የወርቅውሃ ፈንታ
የቀድሞ የአማርኛ መምህርት

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ነዕማ (በቃል ይነበብላቸዋል)

ማስታወሻ፦ ማዕከልዎ ዲስኩን ለማኅበረሰቡ በነጻ ማደሉ ከንቱ እንዳልቀረ ሳልነግርዎ ብቀር ኃጢአት ይሆንብኛል። የመንደራችን ገበሬዎች ያገኙትን ሁሉ በክር እያንጠለጠሉ ማሽላቸው መሐል ሰቅለውታል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት እጅግ ያብለጨልጫል፣ ድምፅ አያሰማም፣ በዚህ አዝመራ አንድ ወፍ አላስጠጋም። ትርፍ ካለዎት ወደ ባምባሲ በኩል ያሉት ገበሬዎችም ይፈልጋሉ።